የፖለቲካ ሂደት ምንድን ነው? መንግሥታዊ ሥልጣን በባሌ ደጋ

«ፖለቲካ» የሚለው ቃል ሲነሣ በብዙ ሰው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው የፓርቲዎች ክርክር፣ የምርጫ ሣጥንና በዜና የሚነገር ሹመትና ሽረት ነው። መንግሥታዊ ሥልጣን ከዜጋው ደጃፍ ሲደርስ ግን መልኩ ከዚህ የተለየ ነው። በሲናና ሜዳ ስንዴና ገብስ ለሚያመርተው አርሶ አደር ሥልጣን የሚታየው ማሳው ሲለካና ግብሩ ሲተመን ነው። በዲንሾ ከብት ለሚያረባው የግጦሹ ወሰን ሲከለል ነው። በጎባ ወይም በሮቤ ለሚኖረው ነጋዴ ፈቃዱ ሲታደስ፣ ቦታው ለመንገድ ሲፈለግ፣ አቤቱታው ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነው። አብዛኛው ሰው ከሚኒስትር ጋር ሳይገናኝ ዕድሜውን ይፈጽማል፤ ከቀበሌ ሊቀ መንበርና ከመሬት አስተዳደር ባለሙያ ጋር ሳይገናኝ የሚኖር ግን እምብዛም የለም።

የፖለቲካ ሂደት ማለት አንድ ማኅበረሰብ በጋራ ጉዳዮቹ፣ ማለትም በመሬት፣ በውኃ፣ በግብርና በጸጥታ፣ ማን እንደሚወስን፣ ከመወሰኑ በፊት ማንን እንደሚሰማ፣ ውሳኔውን በማን በኩል እንደሚያስፈጽም፣ ውሳኔው ሲሳሳትም ማን እንደሚያርመው የሚለይበት አሠራር ነው። ሥልጣን የመወሰን አቅም ነው፤ ሂደት ውሳኔው የሚጓዝበት መንገድ ነው። አንድ ዓይነት ውሳኔ በአንዱ መንገድ ሲመጣ ሕዝብ ይቀበለዋል፤ በሌላው መንገድ ሲመጣ ያምፅበታል። ይህ ጽሑፍ የሚያብራራው ይህን ልዩነት ነው።

ለማብራሪያ የባሌ ደጋ የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በአካባቢው በዕድሜ የገፉ ሰዎች አንዱና ያው መሬት በሦስት መንግሥታት ሲለካ አይተዋል። በመጀመሪያው ልኬት ጦርነት ተነሣ። በሁለተኛው መሬቱ ለአራሹ ተሰጠ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ባለ መሬቱ ከነቤቱ ወደ መንደር ተሰበሰበ። ሦስተኛው ዛሬም በይዞታ ደብተር፣ በካርታና በብሔራዊ ፓርክ ወሰን መልክ በመካሄድ ላይ ይገኛል።

በተራ የሚያዝ ሥልጣን

ዘመናዊው የመንግሥት መዋቅር ወደ ባሌ ከመግባቱ አስቀድሞ ሕዝቡ ያለ ሥርዓት አልኖረም። በኦሮሞ ሕዝብ ታሪክ ውስጥ የገዳ ሥርዓት ከቀደምት ማዕከላቱ አንዱ በባሌ የሚገኘው መደ ወላቡ ነው። ከአምስቱ ታላላቅ ኦዳዎች አንዱ የሆነው ኦዳ ሮባም በዚሁ በባሌ ምድር ይገኛል። በገዳ ሥልጣን የሚያዘው ለስምንት ዓመት ብቻ ሲሆን፣ አምስት ምድቦች በየተራቸው ይረከቡታል፤ አንድ ምድብ እንደገና ተራው የሚደርሰው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው። ሕግ የሚነገረውና የሚሻሻለው በጨፌ፣ በአደባባይ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ነው። አባ ገዳው ቦኩውን ሲይዝ የሚያስረክብበት ቀን አስቀድሞ የታወቀ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በኅዳር 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባካሄደው ስብሰባ ሥርዓቱን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ሥርዓቱን ያለ ጉድለት አድርጎ ማቅረብ አይገባም። ሴቶች በገዳ የሥልጣን ምድቦች ውስጥ ቦታ አልነበራቸውም፤ መብታቸውን የሚያስከብሩት በሲንቄ ተቋም በኩል ነበር። ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሊታወስ የሚገባው ግን አንድ ነገር ነው፤ የባሌ ሕዝብ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ሲገናኝ፣ ሕግ ከመውጣቱ በፊት ይመከርበታል የሚል ልማድ ይዞ ነበር። ቀጥሎ የተፈጸመውን ለመረዳት ይህ ልማድ ትልቅ ትርጉም አለው።

ቀላድ ሲጣል

ባሌ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ በሐረርጌ ሥር ስትተዳደር ቆይታ ራሷን የቻለች ጠቅላይ ግዛት ስትሆን መቀመጫዋ ጎባ ሆነች። ጠቅላይ ግዛቱ በአውራጃዎች፣ አውራጃዎቹም በወረዳዎችና በምክትል ወረዳዎች ተከፍለው ነበር። ከሥር ባላባቱና ጭቃ ሹሙ ነበሩ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከጎባ እስከ መንደር የተዘረጋ የተሟላ ሰንሰለት ነበር። ይሁንና ሰንሰለቱ የሚሠራው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነበር። ትእዛዝ ይወርድበታል፤ አቤቱታ ግን አይወጣበትም።

በዚያን ዘመን መንግሥት መሬትን ለግብር ለመመዝገብ ሲል የቀላድ ልኬት ያካሂድ ነበር። መሬቱ በጋሻ ይለካል፤ አንድ ጋሻ ወደ አርባ ሄክታር ይጠጋል። ከዚያም ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ተብሎ በሦስት ደረጃ ይመደብና በየደረጃው ግብር ይጣልበታል። ይህ አሠራር በራሱ ክፉ የሚባል አይደለም። መሬቱን ያልለካ መንግሥት ግብርን በፍትሐዊነት ሊያከፋፍል አይችልም፤ ዛሬም መሬት የሚለካው ለዚሁ ነው። ችግሩ ልኬቱ በተካሄደበት መንገድ ላይ ነበር።

ደረጃውን የሚወስነው የሹሙ ዓይን ነበር፤ ጠፍ የነበረው ለም ተብሎ ሊመዘገብ፣ የአንዱ ይዞታ በሌላው ስም ሊገባ ይችል ነበር። ግብር ሳይከፈልበት የቆየ መሬት ወደ መንግሥት ይዞራል፤ ከዚያም ለባለሥልጣን፣ ለወታደር ወይም ከሌላ አካባቢ ለመጣ ሰው ይሰጣል። በቆላው የሚኖረው ከብት አርቢ ደግሞ በእንስሳቱ ላይ ሌላ ግብር ነበረበት። በደል ደረሰብኝ የሚል ገበሬ አቤት የሚለው በደሉን ለፈጸመው ሹም ወይም ለዚያው የበላይ ነው። የጽሕፈት ቤቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ሲሆን፣ የአብዛኛው ባለጉዳይ ቋንቋ ኦሮምኛ ወይም ሶማሊኛ ነው። ባለጉዳዩ ሙስሊም፣ ሹሙ ብዙ ጊዜ ከሌላ አካባቢ የመጣ ክርስቲያን ነው። የመሬቱ ጥያቄ ከሃይማኖትና ከማንነት ጥያቄ ጋር የተሳሰረው በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱን ከሌላው ነጥሎ ማየት ታሪኩን ያዛባል።

ዐመፁ በ1955 ዓ.ም. አካባቢ በኤልከሬ በካሂን አብዲ መሪነት ተጀመረ፤ ብዙም ሳይቆይ በደሎ ዋቆ ጉቱ ተነሡ። እንቅስቃሴው ወደ ዋቤና ገናሌም ተስፋፋ። ከሶማሊያ መሣሪያ ይገባ ስለነበር ማዕከላዊው መንግሥት ጉዳዩን በዋናነት እንደ ውጭ ጠላት ሥራ ተመለከተው። የውጭው እጅ እውነት ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያ የሚገባው መሣሪያ የሚቀበል ቅሬታ ባለበት ነው። ግብር ለማስከፈል የወጣው አዋጅ ውሎ አድሮ ግብር የማይሰበሰብበት፣ ሹም ያለ አጀብ የማይንቀሳቀስበት ሰፊ አገር አተረፈ። ጦር ሠራዊትና አየር ኃይል ለዓመታት ተሰማሩ፤ ከዐመፁ የራቁ ሰላማዊ ቤተሰቦችም ከብታቸውንና ቤታቸውን አጡ።

ፍጻሜው ከመነሻው ያላነሰ ትምህርት አለው። ዋቆ ጉቱ በ1962 ዓ.ም. እጃቸውን የሰጡት ከረጅም ከበባ በኋላ ቢሆንም፣ የመጨረሻው እርምጃ የተፈጸመው በንግግር ነበር። ኦሮምኛ ተናጋሪው ጄኔራል ጃገማ ኬሎ በዚህ ረገድ የነበራቸው ድርሻ በሰፊው ይታወቃል። ለሰባት ዓመታት ያህል በጦር ሲፈለግ የቆየው ነገር በሕዝቡ ቋንቋ የሚናገር፣ የሚያደምጥና ቃል ለመግባት ሥልጣን ያለው ሰው ሲገኝ ዕልባት አገኘ። የመሬቱ ጥያቄ ግን እንደተንጠለጠለ ቀረ።

በዚያው ዘመን በጎጃም የሆነውን ማነጻጸር ይጠቅማል። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ የርስት መሬታቸው ሊለካ ነው ብለው የሠጉትን የጎጃም ገበሬዎች ለተቃውሞ አስነሣ። እዚያ ገበሬው የመንግሥትን ቋንቋ ይናገር ነበር፤ ሃይማኖቱም ከሹሙ ጋር አንድ ነበር። ቢሆንም ሳይመከርበት የመጣውን ልኬት አልተቀበለም፤ መንግሥትም በመጨረሻ ወደ ኋላ ተመልሶ የግብር ውዝፍ እስከ መሰረዝ ደርሷል። ከዚህ እንደሚታየው የባሌው ዐመፅ የአንድ ሕዝብ ጠባይ ወይም የአንድ ሃይማኖት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሁለቱን ክፍላተ ሀገር ያገናኘው የውሳኔው አመጣጥ ነው።

መሬት ለአራሹ፣ ገበሬው ለመንደሩ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 የባሌን ገበሬ ከባላባትና ከጭሰኝነት አላቀቀ። በየስምንት መቶ ሄክታሩ የገበሬ ማኅበር ይቋቋማል፤ መሬቱን የሚያከፋፍለው፣ አነስተኛ ክርክሮችን የሚዳኘው ማኅበሩ ራሱ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ መሬትን የሚመለከት ውሳኔ በመንደሩ ሰዎች እጅ ገባ። አዋጁ በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ያገኘው ድጋፍ ከዚህ የመነጨ ነው።

ነገር ግን ማኅበሩ ብዙም ሳይቆይ ፊቱን አዞረ። ከአባላቱ ወደ መንግሥት ሊናገር የተቋቋመው አካል ከመንግሥት ወደ አባላቱ የሚናገር ሆነ። የእህል ኮታ የሚሰበስበው፣ ለውትድርና ወጣት የሚመለምለው እርሱ ነው። ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ጦርነት ማግስት የመንደር ምሥረታ በስፋት የተጀመረው በባሌ ነበር፤ ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ ከማሳውና ከግጦሹ ርቆ በመስመር በተሠሩ ቤቶች እንዲሰፍር ተደረገ። ትምህርት ቤትና ውኃ ለማቅረብ ያመቻል የሚለው ምክንያት በከፊል እውነትነት ነበረው። ሆኖም መንደሩ የት ይሁን፣ መቼ ይገባ፣ ማን ይቅር የሚለውን የሚኖርበት ሰው አልወሰነም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰው ቤቱን ነቅሎ ወደ ቀድሞ ይዞታው የተመለሰው ማንም ሳያዝዘው ነው።

ዛሬ ማን ምን ይወስናል?

በሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥት የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው። በአንቀጽ 8 የሉዓላዊነት ሥልጣን ባለቤቶች የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች መሆናቸውን፣ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ሊሆን እንደሚገባና ማንኛውም ኃላፊ ወይም የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንደሚሆን ይደነግጋል። ከባሌ ታሪክ አንጻር ይበልጥ የሚመዝኑት አንቀጾች ግን ሌሎች ናቸው። አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ አርሶ አደሩም አርብቶ አደሩም መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታው ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይገልጻል። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት ይሰጣቸዋል። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል።

ይህ በባሌ መሬት ላይ ሲወርድ የሚከተለውን መልክ ይይዛል። የኦሮሚያ ክልል ሕግ አውጪ ምክር ቤት ስሙን ከጥንቱ ሸንጎ የወሰደው ጨፌ ነው። ክልሉ በዞኖች፣ ዞኖቹ በወረዳዎችና በከተማ አስተዳደሮች፣ እነዚህም በቀበሌዎች ይከፈላሉ። ብዙ ባለጉዳይ የሚሳሳተው በዞኑ ላይ ነው። በኦሮሚያ ዞን ሕዝብ በቀጥታ የመረጠው ምክር ቤት የለውም፤ የክልሉ መንግሥት አስፈጻሚ ቅርንጫፍ ነው። ሮቤ ያለው የዞን አስተዳደር የሚጠየቀው ለክልሉ ነው። ወረዳው ግን ከየቀበሌው የተመረጡ አባላት ያሉት ምክር ቤት አለው፤ የወረዳውን አስተዳዳሪ የሚሰይመው፣ ዓመታዊውን በጀት የሚያጸድቀው ይኸው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ አንድ የሲናና ወይም የአጋርፋ ነዋሪ «የመረጥኩት ሰው መልስ ይስጠኝ» ሲል የሚሄደው ወደ ሮቤ ሳይሆን ወደ ወረዳው ምክር ቤት ነው።

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ክልሉ ለወረዳዎች ጥቅል በጀት እየሰጠ ወረዳው ለትምህርት፣ ለጤና ወይም ለግብርና ምን ያህል እንደሚመድብ ራሱ እንዲወስን ተደርጓል። ይሁንና ጥቅል በጀቱ አብዛኛውን ጊዜ በደመወዝ ያልቃል፤ ለአዲስ ሥራ የሚተርፈው ጥቂት ነው። የወረዳ አስተዳዳሪም ሁለት ጌታ አለው፤ አንዱ ከታች ያለው ምክር ቤት፣ ሌላው ከላይ ያለው ዞንና ክልል። በጀት የሚመጣው ከላይ በመሆኑ ጆሮው ወደ ላይ እንዳያዘነብል የሚያደርገው የምክር ቤቱ ብርታት ብቻ ነው። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታቅዶ የነበረው የአካባቢ ምርጫ መራዘሙ ደግሞ ሕዝቡ በሁለት ምርጫዎች መካከል የሚናገርባቸውን መድረኮች፣ በተለይም የቀበሌ ስብሰባንና የቅሬታ ሰሚ አካላትን፣ ክብደት ጨምሮባቸዋል።

የአስተዳደር መቀመጫ ጉዳይም ተራ የጽሕፈት ቤት ጉዳይ ተደርጎ መታየት የለበትም። ጎባና ሮቤ ከአሥራ አምስት ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ርቀት ላይ የሚገኙ እህትማማች ከተሞች ናቸው። ጎባ ለረጅም ዘመን የጠቅላይ ግዛቱና የክፍለ ሀገሩ መቀመጫ ነበረች፤ ዛሬ የዞኑ መሥሪያ ቤቶችና መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በሮቤ ይገኛሉ፤ ጎባ የሪፈራል ሆስፒታሉን ይዛለች። መሥሪያ ቤት ሲዛወር ሠራተኛው፣ የቤት ኪራዩ፣ ሆቴሉና ገበያው አብሮ ይንቀሳቀሳል። አዳባና ዶዶላ ከባሌ ወደ ምዕራብ አርሲ መዞራቸው፣ ከዚያም ጊኒር የምሥራቅ ባሌ ዞን መቀመጫ መሆኗ ለአንዱ አገልግሎትን አቅርቧል፤ ለሌላው ደግሞ የለመደውን ቢሮ አርቋል። እንዲህ ያለ የመዋቅር ለውጥ የካርታ ሥራ ቢመስልም ፖለቲካዊ ውሳኔ ነው፤ ስለሆነም ምክክር የሚሻው ካርታው ከመሣሉ በፊት ነው።

የፓርኩ ወሰን

ሥልጣን በዛሬዋ ባሌ በምን ያህል ጥንቃቄ መሠራት እንዳለበት ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. የተመሠረተው በዋናነት የደጋ አጋዘንንና ቀይ ቀበሮን ለመጠበቅ ነው፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዲንሾ ይገኛል። ከሁለት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ከጎባ በላይ የሚዘረጋው የሳነቴ አምባና 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ የሚገኙት በዚሁ ውስጥ ነው። ዋቤ ሸበሌ፣ ወይብ፣ ወልመልና ገናሌን የመሳሰሉ ወንዞች ከዚህ ከፍታ ውኃ ስለሚያገኙ ጥበቃው የሚመለከተው የደጋውን ነዋሪ ብቻ አይደለም፤ እስከ ሶማሌ ቆላና ከድንበር ባሻገር ያለውንም ሰው ይመለከታል።

በአንጻሩ ተራራው የሰው መኖሪያም ነው። የባሌ ከብት አርቢዎች ጎዳንቱ በሚባለው ልማድ በእርሻ ወቅት ከብቶቻቸውን ወደ ከፍታው፣ በበጋ ደግሞ ወደ ሐረና ጫካ ያንቀሳቅሳሉ፤ ከብቱ ማዕድን ያለው የሆራ ውኃ የሚያገኘውም በእነዚህ ሥፍራዎች ነው። ጎዳንቱ ድንበር በድንጋይ ምልክት አያሰፍርም፤ ወቅትን ነው የሚያከብረው። ፓርኩ ግን ዓመቱን ሙሉ የማይለወጥ መስመር ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሁለት ሕጋዊ ጥቅሞች ይጋጫሉ፤ ሁለቱም በሕገ መንግሥቱ ውስጥ መሠረት አላቸው።

ፓርኩ ከተመሠረተ ከአርባ ዓመት በላይ ወሰኑ በሕግ ሳይደነገግ ቆየ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ጠባቂው «ክልክል ነው» ይላል፤ ከብት አርቢው «በየትኛው ሕግ?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያሳየው ድንጋጌ አልነበረውም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የጥበቃ ጣቢያዎች ፈረሱ፣ ንብረታቸውም ተዘረፈ። ይህ ድርጊት የሚያስመሰግን ባይሆንም ሕዝቡ ፓርኩን የራሱ ንብረት አድርጎ እንዳልቆጠረው ያስረዳል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ወሰኑን በደንብ የደነገገው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ፓርኩ በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ምዝገባው ኩራትና የቱሪዝም ተስፋ ይዞ መጥቷል፤ ግዴታም ይዞ መጥቷል። በፓርኩ ውስጥ ያለው ሰፈራ፣ እርሻና ግጦሽ ዛሬም አልተቋጨም። ቀጣዩ እርምጃ በምን መንገድ ይወሰናል የሚለው ጥያቄ በዲንሾና በጎባ ዙሪያ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የኑሮ ጥያቄ ነው።

ለዚህ መልስ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአዳባና በዶዶላ ደን ውስጥ በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድጋፍ፣ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቁመው ነበር፤ በኦሮምኛ አጠራራቸው ዋጂብ ይባላሉ። ደኑ እያንዳንዳቸው ከ360 ሄክታር በማይበልጡ ክፍሎች ተከፈለ፤ በአንድ ክፍል ከሠላሳ የማይበልጡ ቤተሰቦች ይያዛሉ። ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ውል ይፈራረማል፤ በውሉ መሠረት የደኑን ሽፋን ላለመቀነስና ኪራይ ለመክፈል ይገደዳል፤ በምላሹ በደኑ የመኖር፣ የመጠቀምና ሌላውን የመከልከል መብት ያገኛል። የሠላሳው ቁጥር የተወሰነው በስሌት ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ አሥራ ሁለት ሄክታር ያህል ካልደረሰው ደኑንም ቤተሰቡንም ማኖር አይቻልም ተብሎ ነው። ከዚያ ቀደም ደን ጠባቂው መንግሥት፣ ደን ቆራጩ ነዋሪ ነበር። ከውሉ በኋላ ያለ ፈቃድ የገባውን ምሳር አስቀድሞ የሚሰማው የማኅበሩ አባል ሆነ።

አሠራሩ ችግር አልነበረበትም ማለት አይደለም። ከሠላሳው ውጭ የቀረው ቤተሰብ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ውልም የሚጸናው ሁለቱ ወገኖች ሲያከብሩት ብቻ ነው። ቢሆንም መንግሥት ሥልጣኑን ሳይለቅ የሥልጣኑን አሠራር ከነዋሪው ጋር ሊከፋፈል እንደሚችል በዚያው በባሌ ሰንሰለታማ ተራራ ላይ ታይቷል።

ውሳኔ ሲደርስ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከላይ የተጠቀሰው ሁሉ ለአንድ ባለጉዳይ በሥራ ላይ የሚተረጎመው እንዴት ነው? የመጀመሪያው ነገር ውሳኔውን የሰጠው አካል የፌዴራል ነው ወይስ የክልል የሚለውን መለየት ነው። ፓርኩ የሚተዳደረው በፌዴራል መንግሥት ሥር ባለው የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ሲሆን፣ የገጠር ይዞታ ምዝገባና የከተማ ቦታ ጉዳይ በክልሉ፣ በወረዳውና በከተማ አስተዳደሩ እጅ ነው።

በፌዴራል ተቋማት ላይ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተፈጻሚ ይሆናል። በዚህ አዋጅ መሠረት አንድ ተቋም መመሪያ ከማውጣቱ በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አሳውቆ አስተያየት መቀበል አለበት፤ በግለሰብ መብት ላይ ሲወስን ባለጉዳዩን ሰምቶ፣ ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ መወሰን አለበት። ያልተመዘገበና ለሕዝብ ይፋ ያልተደረገ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። «መመሪያው አይፈቅድም» የሚል መልስ የተሰጠው ሰው የመመሪያውን ቁጥር የመጠየቅ መብት አለው፤ ቁጥሩን ሊናገር ያልቻለ ቢሮ መልሱን እንደገና ሊመረምር ይገባል። በተቋሙ ውስጥ ያለውን የቅሬታ መንገድ የጨረሰ ባለጉዳይ ውሳኔው እንዲከለስለት ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። አዋጁ የክልል መሥሪያ ቤቶችን አይመለከትም፤ በዚያ በኩል ባለጉዳዩ የሚጠቀመው በክልሉ ሕጎች፣ በወረዳ ምክር ቤትና በክልሉ ፍርድ ቤቶች ነው።

ይዞታ ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው። የካሣ ክፍያን፣ የልማት ተነሺዎችን መልሶ ማቋቋምና ከመነሣታቸው በፊት የሚደረገውን ምክክር የሚመለከቱ ድንጋጌዎች በእርሱ ውስጥ ይገኛሉ። ቅሬታ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከደረሰበት ቀን ስለሆነ፣ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ጽፎ መያዝ ጉዳዩን ሊያድነው ይችላል። በቃል የተነገረ «ልቀቁ» ማስታወቂያ አይደለም። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልም የሚስትም ስም የሚሰፍርበት በመሆኑ፣ ባል ብቻውን ፈርሞ የተቀበለው ውሳኔ የሚስትን መብት ሊያስቀር አይችልም፤ በቀበሌ ደረጃ ብዙ ክርክር የሚነሣው በዚህ ነጥብ ነው።

በጎረቤታሞች መካከል የሚነሣ የድንበርና የግጦሽ ክርክር ደግሞ ወደ መደበኛ ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ሌላ በር አለው። ሕገ መንግሥቱ ለባህላዊና ለሃይማኖታዊ ፍርድ ቤቶች ቦታ የሰጠ ሲሆን፣ የኦሮሚያ ክልልም በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ለባህላዊ ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። ክርክሩ የሚሰማው በሽማግሌዎች ፊት፣ ባለጉዳዮቹ በሚናገሩት ቋንቋ ነው። ውሳኔው ያላረካው ወገን ወደ ይግባኝ ሰሚው ባህላዊ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም አዋጁ በሚፈቅደው መሠረት ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።